ራጁ ያላየው አጥንት

እ.ኤ.አ. በ1844 ስሜንንና ትግራይን ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ይገዙ ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ለንደን ውስጥ ሳራ ኒውበሪ የተባለች የ39 ዓመት ሴት በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ሞተች። ነገሩ የጀመራት በድካምና በአጥንት ሕመም ነበር። እያደር አጥንቶቿ ሳትወድቅና ሳትመታ ይሰበሩ ጀመር፤ አንድ ቀን ባሏ ወደ አልጋዋ ሊወስዳት አቅፎ ሲያነሣት የጭን አጥንቶቿ ተሰበሩ። የተሰጣት መድኃኒት የብርቱካን ልጣጭ ዝፍዝፍና ማታ ማታ ሕመም የሚያስታግስ ኦፒየም ነበር። ከሞተች በኋላ ጉዳይዋን ያጠናው ሐኪም ሳሙኤል ሶሊ አጥንቶቿ ውስጣቸው በቀይ ነገር ተሞልቶ፣ ጠንካራው ክፍል ሳስቶ አገኘው። በሕይወት ሳለች ይህን ያየ አልነበረም፤ የሚያይበት መንገድም ገና አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የሰው ልጅ አጥንትን ሳይከፍት የሚያይበትን መንገድ አንድ በአንድ አገኘ፤ ራጅን፣ ሲቲ ስካንን፣ ኤምአርአይን፣ ፔት ስካንን። እያንዳንዱ መሣሪያ ከእርሱ በፊት የነበረው ያላየውን አሳየ። ይህ ትረካ እነዚያን መሣሪያዎች በመጡበት ቅደም ተከተል ይከተላል፤ በየመሐሉም በዚያው ጊዜ በስሜን ግርጌ ያሉት ደባርቅና ዳባት፣ ጎንደርም ምን ላይ እንደነበሩ ይመለከታል። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስም የሌለው ሕመም

በ1845 አጥንቱን የሚያመው ሌላ የለንደን በሽተኛ ሽንቱ እንግዳ ጠባይ አሳየ። ሐኪሞቹ ናሙናውን ኬሚስትም ሐኪምም ለነበረው ለሄንሪ ቤንስ ጆንስ ላኩለት፤ እርሱም በሽንቱ ውስጥ እንደ ሌላው ፕሮቲን የማይሆን ፕሮቲን አገኘ። ያ ፕሮቲን ዛሬም በስሙ ይጠራል። በ1873 ሩስቲትስኪ የተባለ ሐኪም በአንድ በሽተኛ አጥንቶች ውስጥ ስምንት የተለያዩ እብጠቶች አገኘና በሽታውን መልቲፕል ማይሎማ ብሎ ሰየመው። በ1889 ኦቶ ካህለር ከፕራግ ሰፊ መግለጫ ጻፈ። በ1900 ደግሞ ቦስተን ላይ ጄምስ ሆመር ራይት እብጠቱ የተሠራው ከፕላዝማ ሴሎች መሆኑን አሳየ።

ፕላዝማ ሴሎች በመቅኔ ውስጥ የሚኖሩ፣ ተላላፊ በሽታን የሚከላከል ፕሮቲን የሚያመርቱ የደም ሴሎች ናቸው። አንዱ ዘር መረን ለቆ ሲባዛ ማይሎማ የተባለው ካንሰር ሆኖ መቅኔውን ይሞላዋል። ያን ጊዜ ደም ያንሳል፤ የሚያመርተው ፕሮቲን ኩላሊትን ይጎዳል፤ አጥንትም ይበላል። የአጥንቱ መበላት የራሱ ሥርዓት አለው። ጤነኛ አጥንት ዕድሜውን ሙሉ አሮጌውን በሚያፈርሱና አዲሱን በሚገነቡ ሴሎች ሲታደስ ይኖራል። ማይሎማ አፍራሾቹን ያነሣሣል፣ ገንቢዎቹን ደግሞ ያስተኛል። አጥንቱ ይፈርሳል፤ የሚጠግነው ግን የለም። ይህ ነጥብ ወደ ፊት አንዱን ዘመናዊ መሣሪያ ያሳስተዋልና አንባቢ ይያዘው።

1888 ዓ.ም.

ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን በቩርዝቡርግ ቤተ ሙከራው በሥጋ ውስጥ አልፎ አጥንት ላይ የሚደናቀፍ ጨረር አገኘ። አራት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን፣ የአድዋ ጦርነት ሆነ። ሁለቱ ታሪኮች በዚያው በ1888 ዓ.ም. ናፖሊ ላይ ተገናኙ። ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው በተመለሱ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረውን ጥይት ለማግኘት ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ በወታደራዊው ሆስፒታል አዲሱን ጨረር ተጠቀመ። ራጅ በጦር ሜዳ ቁስለኛ ላይ የዋለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ተብሎ በሕክምና ታሪክ የሚጠቀሰው ይኸው ነው። በኢትዮጵያ ምድር የተተኮሰ ጥይት የራጅን ጥቅም ለዓለም ካሳዩት አንዱ ሆነ።

ሮንትገን በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ፤ ግኝቱን ግን በፓተንት አላጠረውም። ማንም ሐኪም የትም ቦታ ይሠራበት ዘንድ ተወው። በዚህም የተነሣ ራጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ፤ ለገጠር ሆስፒታልም እስከ ዛሬ ድረስ ቅርቡ የምስል መሣሪያ ሆኖ ቀረ።

ይሁን እንጂ ጥይት መፈለግና ማይሎማ መፈለግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ጥይት ያለ ነገር ነው፤ ጨረሩን ያግዳል፣ በፊልሙ ላይ ጎልቶ ይወጣል። የማይሎማ ቀዳዳ የጎደለ ነገር ነው። ጨረሩን የሚያግደው የአጥንት ካልሲየም በመሆኑ፣ ጉድለቱ በፊልም ላይ የሚታየው ብዙ ካልሲየም ከጠፋ በኋላ ነው። ራዲዮሎጂስቶች ደጋግመው እንደሚሉት በአንድ ቦታ ከአጥንቱ ማዕድን ከ30 እስከ 50 በመቶ ካልጠፋ ራጅ አያየውም። ነቀዝ የገባበት ስንዴ ቅርፊቱ ምሉእ እንደሚመስል ሁሉ፣ ውስጡ የተበላ የጀርባ አጥንትም በራጅ ላይ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ብዙ ሲበላ ግን ራጅ ግሩም ምስክር ነው። የማይሎማ በሽተኛን የራስ ቅል ፊልም ከጎን ተነሥቶ ብርሃን ላይ ሲያዩት፣ ነጩ አጥንት በክብ በክብ ጥቁር ቀዳዳዎች ተበሳስቶ ይገኛል። ቀዳዳዎቹ ትንሽና ትልቅ ናቸው፤ ጠርዛቸው ጥርት ብሎ የተቆረጠ ነው። ሌላ የቆየ የአጥንት ቁስል ቢሆን ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ይሠራል፤ ሰውነት ሊጠግነው የሞከረበት ምልክት ነው። በማይሎማ ቀዳዳ ዙሪያ ያ ጠርዝ የለም። ገንቢዎቹ ሴሎች መተኛታቸው በዚያ ባዶ ጠርዝ ይነበባል።

ከዚህ የተነሣ ሙሉ የአጥንት ራጅ ምርመራ ለብዙ አሥርት ዓመታት የማይሎማ ሁነኛ መመርመሪያ ሆኖ ኖረ። የራስ ቅል፣ አንገት፣ ጀርባና ወገብ፣ ደረት፣ ዳሌ፣ ሁለቱ የላይኛው ክንድ አጥንቶችና ሁለቱ ጭኖች ተራ በተራ ይነሣሉ። ወገቡ የሚያመውን ሰው በጠንካራው ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኝቶ፣ ከዚያ በጎኑ አዙሮ፣ ክንዱን አንሥቶ፣ እግሩን ዘርግቶ ማንሣት ጊዜ ይወስዳል። ለበሽተኛው እያንዳንዱ መገላበጥ ሕመም ነው፤ ለራጅ ባለሙያው ደግሞ አጥንቱ እጁ ላይ እንዳይሰበር የሚጠነቀቅበት ሥራ ነው።

መንገዱና ኮሌጁ

ጣሊያን ኢትዮጵያን በያዘባቸው አምስት ዓመታት ከጎንደር በዳባትና በደባርቅ አድርጎ፣ በወልቅፊት በር በኩል ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ ወደ አስመራ የሚወርድ መንገድ ተሠራ። በ1941 የወልቅፊት የጣሊያን ጦር እጁን ሲሰጥ መንገዱ ለአገሩ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከበየዳ፣ ከጃናሞራና ከጠለምት በቃሬዛ ወይም በበቅሎ የመጣ በሽተኛ ደባርቅ ሲደርስ መኪና የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ዳባት ደግሞ በመሐሉ ነው።

በ1953 ደንቢያን ያጠቃው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ። ዘመኑ የወባ፣ የፈንጣጣና የቲቢ ነበር። በመቅኔ ውስጥ ተደብቆ የሚያድግ ካንሰር የማንም ቀዳሚ ሥራ ሊሆን አይችልም ነበር፤ ትክክልም ነበር።

በስሜን ግርጌ እርሻው ዳገት ነው፤ ሞፈርና ቀንበር፣ እንስራና የእንጨት ሸክም ከልጅነት እስከ እርጅና ወገብ ላይ ናቸው። ሰው ስልሳ ዓመት ሲጠጋው «ወገቤን ቆረጠኝ» ቢል የሚደነቅ የለም። «ብርድ ነው» ይባላል፤ «ቁርጥማት ነው» ይባላል። ይታሻል፣ ጸበል ይጠመቃል፣ ሲሰበር ወጌሻ ይጠራል። ወጌሻው ከዛፍ የወደቀን ልጅ ክንድ በቀርከሃ አስሮ በመጠገን የተመሰገነ ነው። የማይሎማ ስብራት ግን ከመውደቅ የመጣ አይደለም፤ ውስጡ በተበላ አጥንት ላይ የሚደረግ መጠምዘዝና ማሸት ሌላ ስብራት ሊጨምር፣ በአከርካሪ ላይ ከሆነም ነርቭ ሊያስጨንቅ ይችላል።

1971፦ ሁለት አዳዲስ ዓይኖች

በ1971 ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ወጡ። አንደኛው የአጥንት ስካን ነው። ሱብራማንያንና ማክአፊ የተባሉ ተመራማሪዎች ቴክኒሺየም 99ኤም የተባለውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ወደ አጥንት ከሚሄድ ፎስፌት ጋር አዋሕደው በደም ሥር የሚሰጥ አደረጉት። ንጥረ ነገሩ አጥንት በሚገነባበት ቦታ ይከማቻል፤ ካሜራው ያን ክምችት ያነሣል። ወደ አጥንት ለተሠራጨ የጡትና የፕሮስቴት ካንሰር ትልቅ እርዳታ ሆነ።

ማይሎማ ላይ ግን ከሸፈ። መሣሪያው የሚያየው ገንቢዎቹን ሴሎች ነው፤ ማይሎማ ደግሞ እነርሱን ያስተኛል። አጥንቱ በቀዳዳ ተሞልቶ ስካኑ ባዶ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። አዲሱ መሣሪያ በዚህ በሽታ ላይ ከአሮጌው ራጅ አነሰ፤ ዛሬም ለማይሎማ አይመከርም። አዲስና ውድ የሆነ ሁሉ ይበልጣል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ ማስተማሪያ ነው።

ሁለተኛው ሲቲ ስካን ነው። ጥቅምት 1 ቀን 1971 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በለንደን አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የጎድፍሪ ሃውንስፊልድ መሣሪያ የመጀመሪያውን በሽተኛ አንጎል አነሣ። የሒሳቡን መሠረት ቀደም ሲል የጣለው ጆሃንስበርግ የተወለደውና ኬፕታውን የሠራው አለን ኮርማክ ነበር፤ ሁለቱ በ1979 ኖቤልን ተካፈሉ። ራጅ የሰውነትን ጥላ ሁሉ በአንድ ፊልም ላይ ይደራርባል፤ የአንጀት አየር ዳሌን፣ የጎን አጥንት ጀርባን ይሸፍናል። ሲቲ ሰውነትን በቀጭን በቀጭን ሽንሽን እያደረገ ስለሚያሳይ የሚሸፈን ነገር የለም።

በ1975 አሪዞና ላይ ብራያን ዱሪና ሲድኒ ሳልመን 71 በሽተኞችን መዝነው የማይሎማን ደረጃ የሚለይ መመዘኛ አወጡ። ከሄሞግሎቢን፣ ከካልሲየምና ከፕሮቲኑ መጠን ጋር በራጅ የታየው የአጥንት መበላት በመመዘኛው ውስጥ ገባ። ይህ መመዘኛ በዓለም ዙሪያ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሲሠራበት ኖረ፤ ጥቅሙ ለሲቲም ለኤምአርአይም አቅም በሌለው ሆስፒታል ውስጥ መሠራት መቻሉ ነው። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1978 በጎንደር ኮሌጅ ውስጥ ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ። ጤና መኮንኖችን ያሠለጠነችው ከተማ ሐኪሞችን ማስተማር ጀመረች።

መቅኔውን ማየት

በ1973 ፖል ላውተርበር በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ምስል መሥራት እንደሚቻል አሳየ፤ ፒተር ማንስፊልድ ዘዴውን አፋጠነው፤ በ2003 ሁለቱ ተሸለሙ። ኤምአርአይ ከዚህ በፊት ከነበሩት ሁሉ በአንድ ነገር ይለያል። ራጅና ሲቲ የሚያዩት የተበላውን አጥንት ነው፤ ኤምአርአይ የሚያየው የሚበላውን ነው። ጤነኛ የአዋቂ መቅኔ ስብ የበዛበት ነው፤ ማይሎማ ሲሞላው ስቡ ይወጣል፣ በቦታው ውሃማ የሆነ የሴል ክምችት ይገባል። ማግኔቱ ይህን ልዩነት አጥንቱ ገና ሳይበሳ ያነባል። ጨረር የለውም። የተደረመሰ የጀርባ አጥንት ሕብለ ሰረሰርን መጫን አለመጫኑን ለማወቅም ተወዳዳሪ የለውም።

በ2010 የሃይድልበርግ ሐኪሞች ሕመም ያልተሰማቸውን 149 የማይሎማ ሰዎች ከራስ እስከ እግር በኤምአርአይ አንሥተው ተከታተሉ። ከአንድ በላይ ጎላ ያለ ነጥብ በመቅኔያቸው የታየባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ፈጥነው ታመሙ። ቀዳዳው ከመምጣቱ በፊት የሚመጣበት ቦታ ታወቀ።

ዳባት፣ 1996

ሌላው ዓለም ምስሉን ሲያጠራ፣ የጎንደር ምሁራን በ1996 ዳባት ላይ የተለየ ሥራ ጀመሩ። በወረዳው የተመረጡ ቀበሌዎች ውስጥ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያሉ ቤት ለቤት የሚመዘግቡበትን የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል ጣቢያ አቋቋሙ። ሰው ሲሞት ሠራተኛው ለቅሶው ካለፈ በኋላ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ «ምን አመማቸው? ከመቼ ጀምሮ? ከሱ ነበር? ይስላቸው ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከመልሱ የሞቱ ምክንያት ይገመታል።

ይህ ሥራ ያለ ሐኪም የሞተውን ሰው ከመዝገብ እንዳይጠፋ ያደረገ ትልቅ ሥራ ነው። ለማይሎማ ግን ዓይኑ ራቅ ያለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ባወጣው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ውስጥ ማይሎማ በስሙ የለም፤ «ሌሎችና ያልተለዩ ካንሰሮች» ከሚለው ስር ይገባል፤ እርሱም ካንሰር ተብሎ ከተጠረጠረ ነው። «ወገባቸውን ሲያማቸው ቆይቶ አልጋ ላይ ዋሉ፣ ፊታቸው ገረጣ፣ መጨረሻ ላይ ሽንት አልወጣላቸው አለ» የሚል የልጅ መልስ የሕመሙን ሙሉ ታሪክ ይዟል፦ አጥንቱን፣ የደም ማነሱን፣ ኩላሊቱን። ስሙን ሊሰጠው የሚችለው ግን በሕይወት ሳሉ የተነሣ ምስልና የተመረመረ ደምና መቅኔ ብቻ ነው።

መመዘኛው ተለወጠ

በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ፔት ስካንንና ሲቲን በአንድ ያጣመረ መሣሪያ ወደ ሆስፒታሎች ገባ። በሽተኛው ፍሎሪን 18 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተያያዘበት ስኳር በደም ሥሩ ይሰጠዋል፤ ስኳር የሚበላው ንቁ ካንሰር ከሌላው ሰውነት ደምቆ ይወጣል። ስለዚህ ፔት የቆየ ጠባሳን ከሚነድ በሽታ ይለያል። ጉድለትም አለው፤ ከአሥር በሽተኞች በአንዱ ገደማ የማይሎማው ሴሎች ስኳሩን በሚገባ ስለማይይዙት በሽታው እያለ ምስሉ ባዶ ይወጣል። ሌላም ችግር አለ። ፍሎሪን 18 በ110 ደቂቃ ውስጥ ግማሹ ይጠፋል። ከጎንደር የተነሣ መኪና ደባርቅ እስኪደርስ ድረስ ግማሽ ያህሉ አልቋል ማለት ነው። ይህ መሣሪያ ማምረቻውን አጠገቡ ይፈልጋል።

በ2005 የቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ቀለል ያለ መፍትሔ አቀረቡ። ያለውን ሲቲ ስካን ወስደው የጨረሩን መጠን ዝቅ አደረጉና ሰውነትን ከራስ ቅል እስከ ጉልበት በአንድ ጊዜ አነሡ። አጥንት ራሱ በሲቲ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ ብዙ ጨረር አያስፈልገውም። በደም ሥር የሚሰጥ ማቅለሚያም አያስፈልግም፤ ኩላሊቱ ለተጎዳ የማይሎማ በሽተኛ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በሽተኛው አንዴ ይተኛል፤ መገላበጥ የለም፤ በደቂቃዎች ያልቃል።

ልዩነቱን በ2017 የወጣ ጥናት በቁጥር አሳየ። ዓለም አቀፉ የማይሎማ የሥራ ቡድን በ212 በሽተኞች ላይ ራጅንና የሙሉ ሰውነት ሲቲን ጎን ለጎን አወዳደረ። በ54ቱ፣ ማለትም በ25.5 በመቶው፣ ራጁ ምንም አላሳየም፤ ሲቲው ግን የተበላ አጥንት አሳየ። ከአራት ሰው አንዱ «አጥንትህ ጤነኛ ነው» ተብሎ ሊሸኝ የሚችል ነበር። በዚያው ዓመት የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ በ134 አዲስ በሽተኞች ላይ ኤምአርአይንና ፔትን አወዳደረ፤ ኤምአርአይ በ127ቱ፣ ፔት በ122ቱ በሽታውን አገኘ። ለመጀመሪያ ምርመራ ተቀራረቡ። ከሕክምና በኋላ ግን ተለያዩ፦ ፔት ንጹህ የሆነለት በሽተኛ በሽታው ቶሎ አልተመለሰበትም፤ ኤምአርአይ ደግሞ የሞተው እብጠት ምስል ገና ስለማይጠፋ ያን ያህል አልተነበየም።

መመዘኛውም ተለውጧል። የሥራ ቡድኑ በ2014 በሲቲ ወይም በፔት ሲቲ የታየ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ አንድ ቀዳዳ፣ ራጅ ባያየውም፣ ለሕክምና መጀመሪያ በቂ ነው አለ። በኤምአርአይ 5 ሚሊ ሜትር የሞላ ከአንድ በላይ ነጥብም እንዲሁ። በ2016 የእንግሊዝ መመሪያ የሙሉ ሰውነት ኤምአርአይን አስቀደመ። በ2019 የሥራ ቡድኑ በዝቅተኛ ጨረር የሚሠራው የሙሉ ሰውነት ሲቲ ይቅደም፣ እርሱ ባዶ ከሆነ ኤምአርአይ ይከተል አለ፤ የሙሉ ሰውነቱ ከሌለ የአከርካሪና የዳሌው ይነሣ። ራጅ የሚቀረው ሌላው ሁሉ ለታጣበት ቦታ ነው።

ደባርቅ ላይ ምን ማለት ነው?

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት የዳባትንና የደባርቅን ገጠር ደረሰበት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዱን አንዴ ሲከፍት አንዴ ሲዘጋ ቆይቷል። ሪፈር የተጻፈለት ሰው ጎንደር መድረሱ በሕመሙ ክብደት ብቻ አይወሰንም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጉዞ ዋጋ አለው፤ ወደ ጎንደር የሚላከው ሰው አንዴ ሄዶ ትክክለኛውን ምርመራ አግኝቶ መመለስ አለበት።

በአካባቢው የጀርባ አጥንት ተደርምሶ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአከርካሪ ቲቢ ነው፤ ተገቢ ጥርጣሬ ነው፣ ቲቢ በአገራችን ብዙ ነውና። ራጁን ቀረብ ብሎ ማየት ግን ይረዳል። ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት አጥንቶች መካከል ያለውን ዲስክ በልቶ ጎረቤታሞቹን አብሮ ይጎዳል፤ ማይሎማ ዲስኩን ይተዋል፣ አጥንቱን ብቻ ያደርምሰዋል። የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ወራት ቆጥሮ ያልተሻለው፣ ደሙም እያነሰ የሄደ የስድሳ ዓመት ሰው እንደገና መታየት አለበት። ቁርጡን የሚናገረው ከመቅኔው ወይም ከአጥንቱ የሚወሰድ ናሙና ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለደባርቅ የማወጣው ትምህርት ይህ ነው፦ ንጹህ ራጅ ማይሎማን ነጻ አያወጣም። ዕድሜው ከ50 ያለፈ፣ ወገቡ ወይም ጎኑ ለሳምንታት ያለ እረፍት የሚያመው፣ በተለይ ሲተኛም የማይለቀው ሰው ራጁ ጤናማ ቢሆንም ሄሞግሎቢኑ፣ ኢኤስአሩ፣ ክሬያቲኒኑና ካልሲየሙ ይታይ። የደሙ ጠቅላላ ፕሮቲን ከፍ ብሎ አልቡሚኑ ዝቅ ካለ ጥርጣሬው ይጠንክር። በጤና ጣቢያ የሚነከረው የሽንት ወረቀት በዋናነት የሚይዘው አልቡሚንን ነው፤ ቤንስ ጆንስ በ1845 ያገኘውን ፕሮቲን ሊያልፈው ይችላልና ወረቀቱ ንጹህ ሆነ ብሎ መተው አይገባም። እግሩ የሚዝለው ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው ደግሞ ቀጠሮ አይሰጠውም፤ በዚያው ዕለት ይላካል።

ጎንደር ላይ ሲቲ ስካን አለ። በአደጋ የተጎዳን ጭንቅላት የሚያነሣው ዓይነት መሣሪያ ጨረሩ ዝቅ ተደርጎ ሲስተካከል የማይሎማን አጥንት ከራስ እስከ ጉልበት ማንሣት ይችላል። የሚፈልገው የተጻፈ የአሠራር ቅንብር፣ ምስሉን የሚያነብ የሠለጠነ ራዲዮሎጂስትና ሪፈሩ ላይ «ማይሎማ ተጠርጥሯል፣ የሙሉ ሰውነት ሲቲ በዝቅተኛ ጨረር» ብሎ የሚጽፍ ሐኪም ነው። ከፔት ማምረቻና ከግዙፍ ማግኔት ጋር ሲወዳደር ይህ በእጃችን ያለ ነገር ነው፤ ቅንብሩን የሚያዘጋጁ የጎንደር ራዲዮሎጂስቶችና ሪፈሩን የሚጽፉ የደባርቅና የዳባት ሐኪሞች ዛሬውኑ ሊስማሙበት ይችላሉ።